የበረራ ሲሙሌተራችሁ ለምን ይቆራረጣል? ሥራን ለሁለት ዲስክ ስለ ማካፈል



የበረራ ሲሙሌተር የምትጠቀሙ ይህን ታውቁታላችሁ። አውሮፕላኑ በሰላም ሲበር ይቆይና ከተማ ላይ ሲደርስ ወይም ለማረፍ ሲቃረብ ምስሉ ለአፍታ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ይዘላል። ብዙ ሰው በግራፊክስ ካርዱ ያሳብባል። አንዳንዴ ግን የሚዘገየው ዲስኩ ነው።

ሲሙሌተር ሁሉን ነገር ሲከፈት ጭኖ አይጨርስም። አውሮፕላኑ ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ቀጣዩን መሬት፣ ሕንጻና ማኮብኮቢያ ከዲስክ እያነበበ ያመጣል። የተለመደው ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። የተፈለገው መረጃ ዞሮ እስኪመጣ ብቻ በአማካይ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ያልፋል፤ የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን እስኪይዝ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይጨመራል። በዚያው ቅጽበት ዊንዶውስ ራሱን የሚያድስ ወይም ጸረ ቫይረሱ የሚፈትሽ ከሆነ ጭንቅላቱ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ ሲሙሌተሩ ተራ ይጠብቃል።

መፍትሔው ሥራውን ማካፈል ነው፦

1. ዊንዶውስና የዕለት ተዕለት ፕሮግራሞች በአንደኛው ዲስክ ይሁኑ።
2. ሲሙሌተሩን በሁለተኛው ላይ ጫኑት።
3. ሦስተኛ ዲስክ ካለ ተጨማሪ የመልክዓ ምድር ፋይሎችን እዚያ አስቀምጡ። በ2006 የወጣው ፍላይት ሲሙሌተር ኤክስ በመልክዓ ምድር ዝርዝሩ ውስጥ የሌላ ዲስክ ፎልደር መጨመር ይፈቅዳል። የ2020ው የማይክሮሶፍት ሲሙሌተር ደግሞ ከኢንተርኔት የሳበውን መረጃ የሚያስቀምጥበትን ካሽ ወደ ፈለጋችሁት ዲስክ ማዛወር ይቻላል።

አንዱን ዲስክ ሲ እና ዲ ብሎ መክፈል ግን ለዚህ ጉዳይ አይጠቅምም። ስሙ ሁለት ቢሆንም ዲስኩም ጭንቅላቱም ያው ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፈትሹ። ሲሙሌተሩ እየሠራ ታስክ ማኔጀርን ክፈቱና የዲስኩን መስመር ተመልከቱ። ምስሉ በሚቆምበት ጊዜ 100% አካባቢ ከደረሰ ችግሩ የዲስክ ነው። ዲስኩ ሥራ ፈት ሆኖ ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ከተጨናነቀ ሌላ ዲስክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዲስክ መጨመር መቆራረጥን ይቀንሳል እንጂ በሰከንድ የሚታዩትን ምስሎች ቁጥር እምብዛም አያሳድግም።

አቅማችሁ ለአንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ከሁለት ሃርድ ዲስክ ይልቅ ለሲሙሌተሩ አንድ ኤስኤስዲ ይሻላል። የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ያ ሁሉ መጠበቅ ይቀራል።

በመጨረሻ፣ ፍጥነት ፍለጋ ሁለት ዲስኮችን በሬይድ 0 አጣምሩ የሚል ምክር ሊገጥማችሁ ይችላል። በዚህ አሠራር እያንዳንዱ ፋይል ለሁለቱ ተከፋፍሎ ስለሚጻፍ አንዱ ሲበላሽ የሁለቱም መረጃ ይጠፋል። ሲሙሌተር እንደገና ይጫናል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን እንደገና አይጫንም። የትምህርት ፋይሎቻችሁን ቅጂ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ውጭ አኑሩ።

መልካም በረራ!