በሽተኛ የሌለው ዶክተር

ከሶዶ ከተማ በስተ ምሥራቅ ወደ ብላቴ ቆላ ሲወርዱ በምትገኘው በዲምቱ፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ከደጋው የወረደ የእንሰት ቃጫ ዘርግተው ከተቀመጡ አንዲት አሮጊት ፊት አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ ነዶውን እየፈታ፣ ክሩንም አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣ ሲመለከት፣ እኔም አብሬው ቆሜ ነበርሁ። ሴትዮዋ የልጁን ቤተ ሰብ ያውቁ ኖሯልና ገና ዋጋ ሳይጠራ ጨዋታ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ዶክተር ልትሆን ነው ብላ እናትህ ነግራኛለች፤ እሰየው! ለመሆኑ የምን በሽታ ነው የምታክመው?»

«ሐኪም አይደለሁም እማማ፤ የማጠናው ይህንኑ ቃጫ ነው።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን ካፋቸው ላይ ጭነው ጥቂት ዝም አሉና «ቃጫ ደግሞ ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጁ ሳቀ እንጂ አልመለሰም፤ እኔ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ዶክተር የሚለው ቃል በላቲን «ማስተማር» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ በግእዝ መምህር ከምንለው ጋር የሚተካከል ሲሆን፣ በአገራችን ግን ስሙን አስቀድሞ ይዞ የገባው ሐኪሙ ስለ ነበረ፣ በሽተኛ የሌለው ዶክተር ለብዙ ሰው ምእመን እንደሌለው ቄስ ሆኖ ይታያል። የዚህ ወጣት ትምህርት በዩኒቨርሲቲዎቻችን መዝገብ «ማቴሪያልስ ሳይንስና ኢንጂነሪንግ» ተብሎ ይጠራል፤ ሰው እጁን የሚያሳርፍበትን ቁስ ሁሉ፣ ብረቱን፣ ሸክላውን፣ መስተዋቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ቃጫውን፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚመረምርና እንዴት ሌላ ይሁን ብሎ የሚያበጅ ጥበብ ነው።

የጥበቡ ምሥጢር በአራት ነገሮች መተሳሰር ላይ ይቆማል፤ እነርሱም የቁሱ አሠራር፣ የውስጡ አደራደር፣ ጠባዩና የሚሰጠው አገልግሎት ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹ ይናወጣሉ። ይህንን ለመረዳት ሸክላ ሠሪዋን መመልከት ይበቃል። እርጥቡ ጭቃ በፀሐይ ሲደርቅ የሚለቀው ውሃ፣ የሃይማኖት ሊቃውንትን ቃል ብዋስ ይቅር ይበሉኝና፣ በኅድረት ያደረ ውሃ ነው፤ መጥቶ ያደረ ነውና ይሄዳል፣ ጭቃውም መልሶ ቢረጥብ መልሶ ጭቃ ይሆናል። እሳቱ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ጊዜ ግን፣ ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ አፈር ማዕድን በተዋሕዶ የያዘውን፣ ከገዛ ባሕርዩ የሆነውን ውሃ ያጣል፤ በሥርዓት የተደረደሩት ንጣፎቹ ይፈርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያ እንስራ በወንዝ ውስጥ ዘመን ቢኖር ይሰበራል እንጂ ወደ ጭቃነት አይመለስም። እንግዲህ ሸክላ ሠሪዋ ከእሳቱ ቀለም፣ ከጭሱ ሽታና ከገሉ ድምፅ የምታውቀውን፣ ተመራማሪው በቴርሞሜትርና በሚዛን ያውቀዋል ማለት ነው። እንዲህ በእሳት የተጠበሰውን አፈር ፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር በማዋሐድ በብዙ ነዳጅ የሚቃጠለውን ክሊንከር መቀነስ እንደሚቻል ስለ ታወቀ፣ ይህ የባልቴቶች ዕውቀት ዛሬ በታላላቅ አገሮች ቤተ ሙከራ የሚመረመር ዐቢይ ነገር ሆኗል።

ወላይታ ለዚህ ጥበብ ባዕድ አይደለችም። በዳሞታ ተራራ ጥግ ባለው በሞቸና ቦራጎ ዋሻ የተደረገው ቁፋሮ፣ የዛሬ 50,000 ዓመት ገደማ በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ከባልጩት የጠረቧቸውን መሣሪያዎች አውጥቷል። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ፈጥኖ የቀዘቀዘ መስተዋት ነው፤ አተሞቹ እንደ ማዕድን ተራ ሳይዙ ድንገት ስለ ደረቁ፣ ሲመታ የሚሰነጠቅበት የተወሰነ መስመር የለውም፤ ስለዚህም ስብራቱ እንደ ዛጎል ጎድጎድ ብሎ፣ ጠርዙ ከብረት ምላጭ ይልቅ ስል ይሆናል። የዋሻው ሰው ስለ አተም የሚያውቀው ባይኖርም፣ የትኛው ድንጋይ እንዴት ሲመታ እንዴት እንደሚሰበር ግን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት የጥበቡ ወራሾች፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው፣ በወላይታም ሆነ በቀረው የአገራችን ክፍል በጋብቻና በማዕድ ተለይተው፣ በሥራቸው እየተገለገልንባቸው በስማቸው የምንሰድባቸው ሆነው ኖሩ። አንድ ሰው ቃጫና ሸክላ መርምሬ ዶክተር ሆንሁ ሲል እልል የምንለት እኛ፣ ማሰሮውን የሠራችውን ሴት ከደጅ የምናቆም መሆናችን ለእኔ ሁልጊዜ የሚያሳፍረኝ ነገር ነው።

ወደ ትምህርቱ እንመለስ፤ የዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑንም አንባቢ ይወቅልኝ። በ1950 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው በ1978 ሲሆን፣ በሦስተኛ ዲግሪ ማስተማር የጀመረውም በ1987 ነው። ዛሬ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና በጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለዚሁ ለቁስ ጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ይገኛል። በአሜሪካ ተማሪው ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ገብቶ አምስት ወይም ስድስት ዓመት ሲቆይ፣ በእኛ አገር ግን አስቀድሞ ሁለተኛ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ከዚያም በወረቀት ላይ አራት ዓመት የተባለ፣ በግብር ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የሚያልፍ ዘመን ይጠብቀዋል።

አካሄዱን በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ፈጥኖ ይረዳዋል። ተማሪው የሚፈልገው ዩኒቨርሲቲን ብቻ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ዝና ሰምቶ አገር አቋርጦ እንደሚሄድ ሁሉ፣ እርሱም በአንድ ነገር የታወቀ አማካሪ ይፈልጋል፤ የአማካሪው ጠባይ መልካም ከሆነ ዘመኑ ያጥራል፣ ክፉ ከሆነ ይረዝማል። በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሙቀትና ስለ ኃይል፣ ስለ ክሪስታል አደራደር፣ አተሞች በጠጣር ነገር ውስጥ ስለሚጓዙበት መንገድ ይማራል፤ ቀጥሎ የምርምሩን ሐሳብ በመምህራን ጉባኤ ፊት አቅርቦ ይከራከራል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ናቸው። የድጓ ተማሪ ቤተ ልሔም ወርዶ በሊቃውንት ፊት ሳያስመሰክር መምህር እንደማይባል፣ ይህም ተማሪ ያገኘውን ነገር በታወቁ መጽሔቶች አሳትሞ፣ መጽሐፉን ለውስጥና ለውጭ ፈታኝ አቅርቦ፣ በአደባባይ ቆሞ መልስ ሳይሰጥ ማዕርጉን አያገኝም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የድጓው ተማሪ ከአባቶች የተቀበለውን አንዲት ምልክት ሳያጎድል መመለስ ሲጠበቅበት፣ ይኸኛው ከእርሱ በፊት ማንም ያላወቀውን፣ ትንሽም ብትሆን አንዲት ነገር መጨመር ይጠበቅበታል።

የዲምቱው ወጣት የሚጨምራት ነገር በቃጫው ውስጥ ናት። ሐሳቡ ቃጫውን ከሙጫ ጋር አዋሕዶ፣ በውድ ዋጋ ከውጭ በሚመጣው የመስተዋት ክር ፈንታ ለመኪና የውስጥ ልባስና ለጣራ የሚሆን ሰሌዳ ማበጀት ነው። ነገር ግን ቃጫ ሲፋቅ በላዩ ሰምና ሌላም ነገር ይቀርበታልና ሙጫው አጥብቆ አይዘውም፤ ስለዚህ ከመቶ አምስት እጅ ኮስቲክ ሶዳ ባለበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ኮስቲክ ሶዳው ሲበዛ ደግሞ የቃጫውን አጥንት፣ ሴሉሎስ የተባለውን፣ ራሱን ይበላዋል። ስንት እጅ? ስንት ሰዓት? የብዙ ወራት ድካም በእነዚህ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ያልቃል።

አንድ ቀን ሥራውን አሳየኝ። ከካርቶን ወረቀት ላይ 25 ሚሊሜትር የሚሆን መስኮት በምላጭ ቈርጦ፣ ከፀጉር ጥቂት የሚወፍረውን አንዱን ክር በመስኮቱ መካከል ወጥሮ፣ ሁለቱን ጫፍ በሙጫ ጠብታ ያጣብቃል፤ ትንፋሹን ይዞ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ወረቀቱን ከነክሩ በመሳቢያው መኪና ሁለት ጥርሶች ያስነክስና፣ የመስኮቱን ግራና ቀኝ በመቀስ ይቈርጠዋል፤ አሁን ላይኛውንና ታችኛውን ወረቀት ያያያዘው ያቺ አንዲት ክር ብቻ ናት። መኪናው በደቂቃ አንድ ሚሊሜትር ያህል እየሳበ፣ በማሳያው መስተዋት ላይ መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ እያየን እንቆያለን፤ ድንገት ጠብ የምትል፣ ጆሮ ካልሰጧት የማትሰማ ድምፅ ትመጣለች፤ መስመሩም ይወድቃል። ቁጥሩን ይጽፋል፤ ሌላ ክር ያነሣል። ከአንዱ ዓይነት ዝፍዝፍ ሠላሳ ክር፣ ዝፍዝፉ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው።

ሠላሳው ክር ሠላሳ ልዩ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ይህም የልጁ ስንፍና ሳይሆን የነገሩ ባሕርይ ነው። ክር የሚበጠሰው በአማካይ ጥንካሬው ሳይሆን ከሁሉ በደከመው ቦታው ነውና፣ ረዘም ባለ ቍጥር የደከመ ቦታ የመገኘቱ ነገር ይጨምራል፤ ስዊድናዊው ዋሎዲ ዋይቡል በ1939 ይህንን በሒሳብ አሳይቶ፣ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ቀመር ትቷል። ቃጫ ሻጯ አሮጊት ነዶውን ሲገምቱ በጣታቸው እየጎተቱ የሚፈልጉት ይህንኑ የደከመውን ቦታ ነው።

የሥራው መከራ ግን ከክሩ ይልቅ ከመሣሪያው ይመጣል። የክሩን ስብራት በሺህ እጥፍ አጉልቶ የሚያሳየው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በየደጁ የሚገኝ አይደለምና፣ ናሙና በፖስታ ወደ ሌላ ከተማ፣ አንዳንዴም ወደ ባሕር ማዶ ይላካል፤ መልሱ በወራት ይመጣል፤ ሲመጣም ናሙናው በመንገድ ረጥቦ ነበርና ድገም የሚል ይሆናል። አንድ ሌላ ተማሪ እንደ ነገረኝ፣ ምድጃው 900 ዲግሪ ደርሶ የሁለት ሳምንት ልፋቱ በውስጡ ሳለ መብራት ጠፋ፤ በማግሥቱ ሲከፍተው ያገኘው የተሰነጠቀ ገል ነበር። «ሸክላ ሠሪዋ እኮ እንጨቷን ትጨምር ነበር» አለኝ።

በዚህ መንገድ እጅግ ርቃ የሄደች ኢትዮጵያዊት ሶስና ኃይሌ ናት። በአዲስ አበባ በ1966 ተወልዳ፣ አባቷ የግእዙ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በወታደሮች ጥይት ከቆሰሉ በኋላ ከቤተ ሰቡ ጋር ተሰድዳ፣ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በቁስ ሳይንስና ምህንድስና የዶክትሬት ማዕርጓን በ1992 አገኘች። በ2001 ያሳተመችው ሥራ ስለ አንድ ጨው ነው፤ ይህ ጨው፣ የሲዚየም ሃይድሮጅን ሰልፌት፣ በክፍል ሙቀት ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ሙቀቱ 140 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ግን በውስጡ ያሉት የሰልፌት ክፍሎች መዞር ይጀምራሉ፤ ሲዞሩም፣ በጽዋ ማኅበር ጽዋው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ፣ የሃይድሮጅኑን ፍሬ አንዱ ለሌላው ያቀብለዋል። ይህ መተላለፍ ሃይድሮጅንን ወደ መብራት ኃይል የሚለውጥ ዕቃ መሥሪያ ሆነ። ጨው በውሃ የሚሟሟ፣ ዕቃውም ሲሠራ ውሃ የሚያወጣ መሆኑ ብዙ ሰው ተስፋ እንዲቈርጥ አድርጎ ነበር፤ የእርሷ መልስ ዕቃውን ከ100 ዲግሪ በላይ ማሠራት ነበር፤ በዚያ ሙቀት ውሃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳልና። አባት በጥንቱ ብራና ላይ አንዲት ፊደል ለምን ተለወጠች ብለው ዕድሜያቸውን ሲመረምሩ፣ ልጅ አንዲት የሃይድሮጅን ፍሬ ለምን ተንቀሳቀሰች ብላ መረመረች፤ ሥራው በእኔ አስተያየት አንድ ነው። ዛሬ የምታስተምረው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ያም ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ ይህንን ትምህርት በዚህ ስም ከጠሩት የመጀመሪያው ነው ይባላል።

የዲምቱው ወጣት በዚያ ቀን ሦስት ነዶ ቃጫ ገዝቶ፣ አሮጊቷ ምራቂ ብለው ያከሉለትን አንድ ጭብጥ ጨምሮ በላስቲክ ጠቀለለው። ከተሳፋሪ መኪናው ስንደርስ ረዳቱ ጭነቱን ወደ ጣራው ሊወረውር ያዘ፤ ልጁ እርጥበት ከነካው ቁጥሩ ሁሉ ይበላሻል ብሎ አልለቅም አለ፤ ረዳቱም ነዶውን አገላብጦ ተመልክቶ፣ ይህ ለገመድ ካልሆነ ለምን ይሆናል ሲለው፣ ልጁ እቅፉ ውስጥ አስቀምጦ ሒሳቡን ለመክፈል ኪሱን ይዳብስ ነበር። ረዳቱ የሁለት ሰው ተቀበለ።