የሼህ ሆጀሌ ቤትና የቅርስ ባለቤትነት ሕግ

በአዲስ አበባ ሸጎሌ ሰፈር የተሠራው የሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ቤት ታሪክ ከአሶሳ ወርቅ ጋር የተያያዘ ነው። ሰፈሩም ስያሜውን ያገኘው ከሼሁ ስም ነው።

የአሶሳ ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ፣ ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላ ለማዕከላዊው መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር። ሼሁ ያረፉት በ1930 ዓ.ም. ነው።

በከተሞች የነበሩ መሰል ቤቶችን ይዞታ የለወጠው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ብቻ ፈቅዷል። በመሆኑም የአሠሪው ስም ብቻውን የአንድን ጥንታዊ ቤት ባለቤት አያረጋግጥም፤ ቤቱ በአዋጁ መሠረት የተወረሰ ወይም ለቤተሰቡ የተተወ መሆኑ በሰነድ መጣራት ይኖርበታል።

የጥበቃ ግዴታ ግን ከባለቤትነት ክርክር ጋር የሚቆም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በማንኛውም ሰው ባለቤትነት ሊያዝ እንደሚችል ደንግጎ፣ ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። የጥገና ሥራም ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይካሄድ ከልክሏል።

ስለዚህ የይዞታ ማስረጃ የሚሰጥም ሆነ የእድሳት ጥያቄ የሚቀበል የሥራ ኃላፊ፣ የቤቱን ባለቤትና ቅርስነቱን ለየብቻ ማጣራት ይጠበቅበታል።