ጋዋኑ ከወለቀ በኋላ

ስቱዲዮዬ ውስጥ ሚስማር ላይ የተሰቀለ አንድ ጥቁር ጋዋን አለ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዕረፍት የለውም። የተሰጠውን ጋዋን መልሶ ፎቶ ሳይነሳ የቀረ ተመራቂ ሁሉ እሱን ይለብሳል። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ለቀጫጮቹ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ እይዝላቸዋለሁ። የሚያስቸግረው ጥቁረቱ ነው፤ ካሜራው ጨርቁን ለማሳየት ብርሃን ሲያበዛ ፊት ይነጣና መልክ ይጠፋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ብርሃን የምለካው ከፊት ላይ ነው።

ተመራቂዎችን ሳነሳ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን ይታወሱኛል። በ1928 እ.ኤ.አ. ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ፤ በ1935 ደግሞ ዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ያ ዓመት ጣሊያን የወረረን ዓመት ነው። አዲሱ ሐኪም ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ይዘው አገር ቤት ገቡ፤ በጦርነቱም በሙያቸው አገለገሉ። ከዚያ ተመልሰው በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ያረፉት በ1940፣ በ40 ዓመታቸው ነው።

የሰፈራችንም ስም የመጣው ከዚያው ወረራ ነው። «ካዛ ኢንቺስ» ጣሊያን ለመንግሥቱ ሠራተኞች ያሠራቸው ቤቶች መጠሪያ ነበር፤ በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። ዶክተር መላኩን ከምረቃ በቀጥታ ወደ ጦርነት የጠራቸው ጠላት ነው ይህን ስም የተወልን። ደብዳቤ በመርከብ በሚጓዝበት በዚያ ዘመን፣ የሩቅ አገር ተመራቂን አገር ቤት የቀሩት ወገኖቹ አጠገቡ ቆመው እልል ሊሉለት አይችሉም ነበር። ይህ ነገር ሁሌም ሆዴን ያባባዋል።

ካዛንቺስ ፈርሶ ሰው ከተበተነ ወዲህ የድሮ ደንበኞቼ ከከተማው ዳር ድረስ እየመጡ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሐምሌ አንዲት የቀድሞ ጎረቤታችን ልጃቸውን ይዘው መጡ። በረንዳ ላይ እንጀራ እየሸጡ ያስተማሩት ልጅ ነው። «ግቡ እንጂ እማማ፣ አብረው ይነሱ» ብላቸው፣ «እኔ ምን ልሁን ብዬ፣ የተማረው እሱ!» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆሙ። ልጁን በጋዋን አነሳሁት። ከዚያ እናቱን አስገብቼ፣ ጋዋኑን አስወልቄ በሸሚዙ አጠገባቸው አስቀመጥኩት። ሳይነገረው እጃቸውን ያዘ። የሁለተኛውን ፎቶ ሂሳብ አልተቀበልኩም።

ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆች፣ ጋዋኑን ካወለቃችሁ በኋላ ካሳደጓችሁ ጋር አንድ ፎቶ ተነሱ። አሳጥቡት፤ በስልክ ብቻ አትተዉት። ከጀርባውም ስማቸውንና ቀኑን ጻፉበት።