በከባድ መኪና ቀኝ ጎን አትቁም

ብስክሌት በባሕር ዳርና በሐዋሳ የቆየ ነው። አሁን በአዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ስለተሠራ ብዙ ልጆች ግዙልን ይላሉ። ግዙላቸው፤ ነገር ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ጋር መገናኘታቸው አይቀርም።

በነርስነት ዘመኔ በጎማ ሥር የገቡ ብስክሌተኞችን ተቀብያለሁ። ዳሌ ሲደቅ ደም ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ሄልሜት ለዚህ አይደርስም።

ስለዚህ «ተጠንቀቅ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን ንገሯቸው። መሪው በግራ ስለሆነ ሹፌሩ በቀኝ ጎኑ የተጠጋውን ልጅ ላያየው ይችላል። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማው የፊተኛውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ መንገዱ ጠርዝ ይጠጋል። በመካከል ያለ ልጅ መውጫ ያጣል።

ሦስት ነገር ይያዙ፦ መብራት ላይ ከመኪናው ጎን ሳይሆን ራቅ ብለው ከኋላው ይቁሙ። በስፖኪዮው የሹፌሩን ፊት ካላዩ፣ እሱም አያያቸውም። ፍሬቻ ባያበራም ሊታጠፍ ይችላል ብለው ያስቡ።

የምታውቁት የከባድ መኪና ሹፌር ካለ፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ልጁን ጋቢና ውስጥ አስቀምጡትና ታላቅ ወንድሙን በቀኝ በኩል ተጠግቶ እንዲቆም አድርጉ። ወንድሙን ፈልጎ ሲያጣው ምክራችሁ ይገባዋል።