«ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ» የሚባል ሥራና ጤናችን



ዒድ ሲቃረብ ልብስ ሰፊው ዘንድ፣ ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ደግሞ ሒሳብ ክፍል ውስጥ አንድ ዓይነት ቃል ይደጋገማል፤ «ለነገ ጠዋት ይድረስልኝ»። ሥራ ሪዝቅ ነውና እምቢ ማለት ይከብዳል። ሆኖም ሁሉንም እሺ ስንል ዋጋውን የሚከፍለው ሰውነታችን ነው። በዚያ ሰሞን ወደ መድኃኒት ቤት ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚጠይቁት የራስ ምታት፣ የጨጓራና የወገብ ማስታገሻ ነው።

ሰውነታችን ምን ይሆናል?

ስንጣደፍ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለ ስኳር ከፍ ይላል። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ይህ ሥራውን እንድንወጣ የሚረዳን የአላህ ጸጋ ነው። ጉዳቱ ሌሊቱን ሙሉ፣ ቀናትን አከታትሎ ሲቀጥል ነው። በጥናት እንደታየው 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይቀራረባል። አልኮል ቀምሶ የማያውቅ ሙስሊም በእንቅልፍ እጦት ብቻ እንዲህ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መቀስ የሚይዝ፣ መኪና የሚነዳ፣ የሰው ገንዘብ የሚቆጥር ሁሉ ያስብበት።

እሺ ከማለታችን በፊት

ሦስት ነገር እንጠይቅ።

1. በትክክል የሚፈለገው መቼ ነው? «ለነገ» የተባለው ልብስ የሚለበሰው ከሦስት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል።

2. የግድ መድረስ ያለበት የቱ ነው? የልጆቹ ልብስ ለዒድ ደርሶ የአዋቂዎቹ ሊቆይ ይችል ይሆናል።

3. በእጃችን ካለው ሥራ የቱ ይዘግይ? ተቀጣሪ ከሆንን አለቃችንን በአክብሮት «ይህን ካስቀደምኩ ያኛው ለሰኞ ይሁንልኝ?» ብለን እንጠይቅ።

«ኢንሻአላህ» የማይቻለውን ቀጠሮ መሸፈኛ አይሁን። ቃል መሙላት አማና ነው፤ የማይደርሰውን አይደርስም ማለት ደንበኛን ከማመላለስ ይሻላል። ሥራ ሰጪዎችም እንዲሁ ቀደም ብለን እናምጣ፤ ሠራተኛን ከአቅሙ በላይ ማስጨነቅ በደል ነው።

ከተቀበልን በኋላ

ምግብ አንዝለል። በሻይና በስኳር ብቻ ከመዋል ቆሎ፣ በሶ፣ ሙዝ ወይም የተቀቀለ እንቁላል እንያዝ። ውኃም አጠገባችን ይቀመጥ።

ቡና ልክ አለው። ከጠጣነው ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነታችን ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ከዐስር ሶላት በኋላ ባንጠጣ እንቅልፋችን ይጠበቃል። ጫት ደግሞ ረሃብን ይደብቃል፤ የደም ግፊትን ይጨምራል፤ የቀረውን እንቅልፍ ይወስዳል።

ማስታገሻ በጥንቃቄ ይወሰድ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ሊያቆስሉና ሊያደሙ ስለሚችሉ በባዶ ሆድ አይወሰዱ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ባለሙያ ሳያማክር አይውሰዳቸው። ባለ 500 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

የስኳር ሕመምተኛ ከሆንን በተለይ እንጠንቀቅ። ኢንሱሊን ወይም ኪኒን ወስዶ በሥራ ብዛት ምግብ መርሳት አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከመጣ ወይም የስኳር መጠኑ ከ70 በታች ከሆነ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይወሰድ። በረመዳንም ቢሆን ይፈጠር፤ ቀኑ በኋላ ቀዷ ይወጣል።

ሶላትን በወቅቱ እንስገድ። ከግዴታነቱ በላይ ለተጎነበሰ ወገብና ለደከመ ዓይን እረፍት ነው። ከዙሁር ሰዓት አካባቢ የምትተኛ የ20 ደቂቃ ቀይሉላም ንቃትን ትመልሳለች።

ሰውነታችንም በእኛ ላይ ሐቅ አለው። የደንበኛን ሐቅ ስንጠብቅ የእርሱን አንርሳ። አላህ በሪዝቃችንና በጤናችን በረካ ያድርግልን። አሚን።