ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት፦ ለጽኑ ሕሙማን የሚሰጥ ሕክምና

ከሐዲያና ከከምባታ ከተሞች ወደ ሆሳዕናው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ወይም ወደ አዲስ አበባ በሪፈር የሚላክ ጽኑ ሕመምተኛ፣ ከባድ የሳንባ ምች ወይም የጭንቅላት ጉዳት ከገጠመው፣ በቬንትሌተር ማለትም በመተንፈሻ ማሽን እየታገዘ ለሳምንታት ሊተኛ ይችላል። ማሽኑ ትንፋሹን ሲያቆይለት እጅና እግሩ ያለ ሥራ ይከርማሉ።

እንዲህ ሥራ የፈታን ጡንቻ በኤሌክትሪክ የማነቃቃት ሕክምና መነሻው ሩቅ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሉዊጂ ጋልቫኒ እ.ኤ.አ. በ1791 ባሳተመው ጽሑፍ ኤሌክትሪክ የሞተ እንቁራሪትን እግር እንደሚያኮማትር ገለጸ። ሕክምናው የሚሰጥበት ክፍል ግን ኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንማርኳ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ፣ ዶክተር ቢዮርን ኢብሰን መተንፈስ ላቃታቸው ሕሙማን በአንገታቸው በተከፈተ ቀዳዳ አየር እንዲሰጣቸው አደረገ፤ የሕክምና ተማሪዎችም በየተራ የአየር ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ነበር። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ተነሣ።

ሕሙማን መትረፍ ሲጀምሩ ሌላ ችግር ታየ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንደሚያሳየው ጽኑ ሕሙማን በ10 ቀን ውስጥ የፊት ጭን ጡንቻቸው በአማካይ 18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መተኛትና ኢንፌክሽን ተባብረው ጡንቻን ያከሳሉ።

ይህን ለመቀነስ በሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሕክምና ፊዚዮቴራፒስቱ የጭኑን ቆዳ አጽድቶ ኤሌክትሮድ የሚባሉ ተለጣፊዎችን ያደርጋል። መሣሪያው በሰከንድ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 የሚደርስ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ጡንቻው ለጥቂት ሰከንድ ጠጠር ይላል፤ የጉልበት ሎሚውም ወደ ላይ ሳብ ይላል፤ ከዚያ ላልቶ ያርፋል። ይህ በቀን ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይደጋገማል። ትልቁ ጥቅሙ ሕመምተኛው ራሱን ባያውቅም መሠራቱ ነው።

ውጤቱ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንድ ጥናቶች የጡንቻ ጉልበት እንደሚጠብቅ ሲያሳዩ ሌሎች ልዩነት አላገኙም። ሰውነቱ በጣም ባበጠ ሕመምተኛ ላይ ጡንቻው በደንብ ላይኮማተር ይችላል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት፣ በእግሩ ደም ሥር ደም የረጋበት ወይም ተለጣፊው በሚያርፍበት ቦታ ቁስል ያለበት ሰው ሐኪም ሳይፈቅድ አይሰጠውም።

ስለዚህ የቤተሰብዎን አባል የሚያስታምሙ ከሆነ፣ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙንና ፊዚዮቴራፒስቱን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠይቁ። ኤሌክትሪኩ ቢኖርም ባይኖርም፣ በባለሙያ የሚመራ እንቅስቃሴ የማገገም መሠረት ነው።