የወደቀን ሰው ለምን እንሸሻለን?



በመገናኛ ታክሲ ተራም ይሁን በቦሌ ሚካኤል መንገድ፣ አንድ ሰው በድንገት ወድቆ ሲንፈራገጥ የሚሆነውን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ሕዝቡ ከብቦ ይቆማል። አንዱ «ክብሪት አምጡ!» ይላል፤ ሌላው «አረፋውን እንዳትነኩ፣ ይጋባል!» ብሎ ያስጠነቅቃል። ክብሪት ተጭሮ ጭሱን እንዲያሸት ይደረጋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰውየው ሲረጋጋ ክብሪቱ እንዳዳነው ይቆጠርና ሁሉም ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው። የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚገናኙት በረቂቅ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲሆን፣ ይህ ምልክት በድንገት ከልኩ ሲያልፍ ሰው ራሱን ስቶ ይንቀጠቀጣል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ በራሱ ያቆማል። ክብሪት ቢጫርም ባይጫርም ያቆማል ማለት ነው። ጭሱ ለመተንፈስ በተቸገረ ሰው ላይ ሌላ ችግር ከመጨመር በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

በሽታው በምራቅም፣ በአረፋም፣ በትንፋሽም አይተላለፍም። በወሊድ ጊዜ በሚደርስ ጉዳት፣ በማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል በወጣ ወባ ወይም በጭንቅላት አደጋ ሊመጣ ይችላል። በብዙዎች ላይ ግን ምክንያቱ አይታወቅም። «ይጋባል» የሚለው ወሬ በአገራችን ብዙ ጉዳት አድርሷል። ምድጃ አጠገብ የወደቀን ሰው የሚያነሳው ጠፍቶ በእሳት የተጎዳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ በሽታው ካደረሰው ይልቅ የእኛ ፍርሃት ያደረሰው ጉዳት የሚብስበት ጊዜ አለ።

የታማሚዎቹ ቁጥርም ቀላል አይደለም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ በሽታው እንዳለባቸው አሳይቷል። በዓለም ዙሪያ ደግሞ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ።

ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን የምንማረው

ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ፣ አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መጥታ በሽታው እንደሚጥላትና ገላዋ እንደሚገለጥ ነገረቻቸው፤ ዱዓ እንዲያደርጉላትም ለመነች። ታግሣ ጀነትን ከማግኘትና ለመዳኗ ዱዓ ከማስደረግ እንድትመርጥ ሲነግሯት ሶብርን መረጠች። ገላዋ እንዳይገለጥ ግን ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች፤ እርሳቸውም አደረጉላት።

ልብ እንበል! ይህቺን ሴት ይበልጥ ያስጨነቃት በሰው ፊት መገለጧ ነው። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) አልሸሿት፣ አልናቋት፣ የተረገመች ናት አላሉም። ዛሬም የወደቀች እህታችንን ከብበን ከምናይ ይልቅ በነጠላ ብንሸፍናት ሱናውን መከተል ነው።

«ታዲያ ሐኪም ቤት ለምን? ጂን ነው» የሚሉ አሉ። ቁርአን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ከመድኃኒት ጋር አይጋጭም። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት መኖሩንና መታከም እንደሚገባ ያስተማሩን ራሳቸው ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ናቸው። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲናም ይህንን በሽታ ከአንጎል ሕመሞች ጋር መድቦ ጽፎበታል። ጂን እናስወጣ ብሎ ታማሚን መግረፍ ግን በደል ነው።

መድኃኒቱና ረመዳን

በትክክል ተመርምረው መድኃኒታቸውን ቢወስዱ ከ100 ታማሚዎች እስከ 70 የሚሆኑት ሳይወድቁ መኖር ይችላሉ። እንደ ፌኖባርቢታል ያሉት መድኃኒቶች ዋጋቸውም ያን ያህል ውድ አይደለም። በአገራችን ሕክምናው ለረጅም ጊዜ እንደ አማኑኤል ባሉ የአእምሮ ሕክምና ተቋማት ሲሰጥ በመቆየቱ፣ ብዙ ሰው በሽታውን ከእብደት ጋር ያምታታዋል፤ ቤተሰብም ስሙን ፈርቶ ልጁን ይደብቃል። እብደት ግን አይደለም።

መውደቁ ቆመ ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ በሽታው በርትቶ ሊመለስ ይችላል። ረመዳን ሲቃረብ ደግሞ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ከሱሑርና ከኢፍጧር ጋር የሚስማማበት ጊዜ አለ። እንቅልፍ ማጣትም በሽታውን ስለሚቀሰቅስ ከተራዊሕ በኋላ በቂ ዕረፍት ያሻል። ሐኪሙ ጾም ይጎዳሃል ካለው፣ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 184 እና 185 ለታመመ ሰው የሰጠው ፈቃድ አለለት። የአላህን ፈቃድ መቀበልም ዒባዳ ነው።

በትምህርት ቤትና በትዳር

እኛ መምህራን በመድረሳም ሆነ በቀለም ትምህርት ቤት ተማሪው ወደቀ ብለን ከጓደኞቹ ለይተን ልናስቀምጠው አይገባም። ወላጆችም ልጃቸውን ቤት አያስቀሩ፤ በሽታው እንዳለበት ለመምህሩ ይንገሩ እንጂ። በኒካሕ ጊዜም እውነቱን ተነጋግሮ መጋባት ኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅ ያድናል። በሽታው ያለባት ሴት ማግባትም መውለድም ትችላለች፤ አንዳንድ መድኃኒቶች ፅንስን ስለሚጎዱ ግን ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

• እሳት፣ ውኃና ስለት ካለበት እናርቀው፤ ከራሱ ሥር ለስለስ ያለ ልብስ እናድርግለት።
• አንገቱን ያጠበቀውን እናላላ፤ የሒጃብ መርፌም ካለ እናውጣ።
• እንቅስቃሴውን ለማስቆም ጠፍረን አንያዝ። ማንኪያም ሆነ ጣት አፉ ውስጥ አንክተት፤ ሰው ምላሱን አይውጥም።
• መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው፤ እስኪነቃም አብረን እንቆይ።
• ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከተደገመበት ፈጥነን ሐኪም ቤት እናድርሰው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ሺፋእን ይስጥልን፤ እኛንም የወደቀን ከሚያነሱት እንጂ ቆመው ከሚያዩት አያድርገን። አሚን።